ማርካና ሞተር

ያለፈው ቅጠላችን ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ሰንብቶ የመጨረሻ ገጹ የሽሮ ድስት መክደኛ ሆኖ መገኘቱን ሰምተናል። አልተቀየምንም። ጽሑፍ ከጭንቅላት አልፎ ለሆድም ከጠቀመ እሰየው ነው። የዛሬው ወግ ግን የመኪና ወግ ስለ ሆነ ከእሳት ራቅ አድርጋችሁ ብታነቡት እንወዳለን፤ ቤንዚን አይታመንምና።

«እናንተን ደግሞ ከመኪና ጋር ምን አገናኛችሁ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ መኪና የለንም። ጁባ ስንወርድ እንኳ ከከሰል ጆንያ ጋር ተደራርበን ነው። ይሁን እንጂ ሰው ስለሌለው ነገር እንዳያወራ ቢከለከል ኖሮ፣ በዚህ ካምፕ ውስጥ ስለ ጥሬ ሥጋ የሚያወራ ባልተገኘ ነበር።

እኛ አራት ነን። በአንድ ጣራ ሥር እናድራለን፤ ከአንድ ድስት እንበላለን። ሦስታችን ዕድሜያችን ገፋ ያለ ነው፤ አራተኛው፣ ታናሻችን፣ ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። በወር አንድ ጊዜ የጎረቤቱን ሁሉ መልእክት ይዘን ወደ ጁባ እንወርዳለን፤ ለአንዱ የባትሪ ድንጋይ፣ ለአንዷ የልብስ ሳሙና፣ ለሌላው የስልክ ካርድ እንገዛለን። የተላክነውን ከጨረስን በኋላ እስከ መመለሻችን ሰዓት የምናርፈው ሀይ ጀላባ ነው።

«ሀይ» በዐረብኛ ሰፈር ማለት ሲሆን፣ «ጀላባ» ደግሞ ከሰሜን ሱዳን እየመጡ በደቡቡ ሲነግዱ የኖሩት ነጋዴዎች የሚጠሩበት ስም ነው። ዛሬ በዚያ ሰፈር ሲገዛና ሲሸጥ የሚውለው ሁሉም ዓይነት ሰው ነው፤ የአገሬው ሰውም፣ ዑጋንዳዊውም፣ ሐበሻውም አለበት። አገሩ ራሱ እንኳ በጁላይ 9 ቀን 2011 ከሱዳን ተለይቶ ስሙን ለውጧል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) ሰፈሩ ግን ያው ሀይ ጀላባ ነው። ስም አንዳንዴ ባለቤቱ ከሄደ በኋላም ቤቱን ይጠብቃል።

በዚያ ሰፈር አንድ ያገራችን ሰው፣ መካኒክ፣ አሉ። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ጋራዣቸው ጋራዥ ለመባል ግድግዳ ይጎድለዋል፤ ያለው አንድ የኒም ዛፍ፣ የቆርቆሮ አጥርና የሻይ ጀበና የሚጣድበት አሮጌ ቸርኬ ነው። ጋሼ ሥራውን የጀመሩት በልጅነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ካንዴላ በመወልወል ነው። ሌላው ሰው የቅዱሳን ሥዕል በሚሰቅልበት ቦታ እርሳቸው የሞቱ መኪናዎችን ማርካ ሰቅለዋል። ማርካ ስንል ያንን ከመኪና አፍንጫ ላይ የሚለጠፈውን የሚያብረቀርቅ ስም ማለታችን ነው። ቤድፎርድ አለ፤ ላዳ አለ፤ ፊያትና ቶዮታም ጎን ለጎን ሰላም ፈጥረው ተሰቅለዋል።

የጋሼን ዕውቀት የምናደንቀው በማርካው አይደለም፤ በጆሯቸው ነው። ጁባን የምታውቁ እንደምታውቁት፣ ብዙው የከተማው ሰው የሚጠጣውና የሚታጠበው ከወንዙ እየቀዱ በሚያመላልሱ ቦቴዎች ውሃ ነው፤ ከቦቴዎቹም ሾፌሮች ብዙዎቹ ሐበሾች ናቸው። አንድ ቀን አንዱ ቦቴ እያጓራ መጣ። አፍንጫው ላይ የመርሴዲስ ኮከብ ተለጥፎበታል። ጋሼ አጎንብሰው ኩሽኔታ በናፍጣ ያጥባሉ። ቀና ሳይሉ፣

«ያ አይሱዙ የማነው?» አሉ።

«ጋሼ፣ አይሱዙ አይደለም፤ መርሴዲስ ነው» አልናቸው።

«ጆሮዬ ኮከብ አያይም» አሉ።

ካቢናው ተገልብጦ ሞተሩ ሲታይ አይሱዙ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ኮከቡን የለጠፈው ለክብር ነው አለ። ማንም አልሳቀበትም። ለክብር ብሎ ነገር የማይለጥፍ ሰው በመካከላችን አልነበረም።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጋሼ አንድ ፈረንጅ ሲሄድ ጥሎት የሄደ የአሮጌ መኪናዎች መጽሔት አላቸው። እንግሊዝኛ ስለማያነቡ እኛ እናነብላቸዋለን፤ እርሳቸው ሻይ ይጋብዙናል፤ ከዚያም ያነበብነውን መልሰው ለእኛው ያስረዱናል። ምክንያቱም እኛ ቃሉን እናውቅ ይሆናል እንጂ ነገሩን አናውቅም። በዚያን ቀን ያነበብንላቸው በእንግሊዝ አገር ተሠርተው በአሜሪካ ስም ስለ ተሸጡ መኪናዎች ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ መኪና እንደ ቤት የሰፋች ነበረች። ናሽ ኬልቪኔተር የተባለው ኩባንያ አለቃ ጆርጅ ሜሰን ግን ትንሽ መኪና አማራቸው። በ1950 ኒውዮርክ ላይ ናሙና አሳዩና «እንዲህ ያለች ብትሠራ ትገዛላችሁ ወይ?» ብለው ሕዝቡን ጠየቁ። ሰዉ ወደዳት። ነገር ግን ትንሽ መኪና አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት አዲስ ሞተርና ማርሽ፣ ለዚያም አዲስ የፋብሪካ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ያ ሁሉ ወጪ ደግሞ በትንሽ መኪና ዋጋ አይመለስም። በእንግሊዝ አገር ግን ኦስቲን የሚባለው ኩባንያ በበርሚንግሃም፣ ሎንግብሪጅ በተባለው ቦታ፣ የትንሽ መኪና ሞተር እንደ ዳቦ ይጋግራል። በዚያ ላይ የእንግሊዝ ፓውንድ በ1949 ከ4.03 ዶላር ወደ 2.80 ዶላር ወርዶ ስለ ነበር፣ ዶላር ለያዘ ሰው የእንግሊዝ ዕቃ ረክሶለታል። እንግሊዝም ዶላር ጠምቷታል። ስለዚህ ተዋዋሉ፤ ሞተሩና ማርሹ ከኦስቲን፣ ስሙ ከአሜሪካ።

ሥራው በ1953 ተጀመረ፤ በማርች 1954 መኪናዋ ለገበያ ቀረበች። ዋጋዋ 1,445 ዶላር፣ ሞተሯ የኦስቲን ኤ40፣ 1200 ሲሲ ነበር። ስሟ በመጀመሪያ «ኤን ኬ አይ ከስተም» እንዲሆን ታስቦ ነበር። ገበያ ልትወጣ ሁለት ወር ሲቀራት አለቆቹ ሐሳባቸውን ለወጡና «ሜትሮፖሊታን ትባል» አሉ። በዚያን ጊዜ ግን የድሮው ስም የሚገባበት ቀዳዳ በፓራፋንጎው ላይ ተበስቶ ኖሯል። ምን ይደረግ? አዲሱ ስም በዚያው በድሮው ቀዳዳ እንዲገጥም ሆኖ ተሠራ።

ጋሼ ይህችን ሦስት ጊዜ አስደግመው አስነበቡን። «በዚያው ቀዳዳ!» እያሉ ጭናቸውን መቱ። «አያችሁ? ስሙ አዲስ ነው፤ ቀዳዳው ግን የድሮውን ያስታውሳል።»

ወሬው በዚህ አላበቃም። በሜይ 1954 ናሽና ሀድሰን የተባሉት ኩባንያዎች ተዋሕደው አሜሪካን ሞተርስ ሆኑ። ያችው መኪና በናሽ መደብር ስትቆም ናሽ፣ በሀድሰን መደብር ስትቆም ሀድሰን ትባል ጀመር። ልዩነቱ ማርካው ነው። ከ1957 በኋላ ደግሞ ሁለቱም ስሞች ቀሩ፤ ናሽም ሀድሰንም የሚባል አዲስ መኪና መሠራቱ አበቃ። ልጅቱ ግን የአባት ስም ሳይኖራት፣ እንዲሁ ሜትሮፖሊታን ተብላ ቀጠለች። በ1961 ሥራዋ እስኪቆም ድረስ 95,000 ያህሉ በአሜሪካና በካናዳ ተሽጠዋል።

«ሁለቱ አባቶቿ ሲሞቱባት አልቆመችም» አሉ ጋሼ። «ለምን? ሞተሩ ከእነርሱ አልነበረማ!»

ቀጥሎ ያነበብንላቸው ስለ ሂልማን አቬንጀር ነው። ይቺ ደግሞ ስሟ ብዙ ነው። በፌብሩዋሪ 1970 በእንግሊዝ አገር ወጣች። የሂልማን ጌታ ሩትስ የተባለው ኩባንያ ከ1967 ጀምሮ በአሜሪካው ክራይስለር እጅ ገብቶ ነበርና፣ ክራይስለር ይህችን መኪና ወደ አሜሪካ ወስዶ ፕሊማውዝ ክሪኬት ብሎ ሸጣት። አቬንጀር ማለት ተበቃይ ነው። ክሪኬት ማለት ደግሞ ማታ ማታ ሣር ውስጥ የምትጮኸዋ ነፍሳት ናት። እንግዲህ አገሩ ተበቃይ የነበረው አሜሪካ ሲገባ የሣር ነፍሳት ሆነ ማለት ነው።

ይህን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ትንሽ ቆየት ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። በዚህ ካምፕ ውስጥ አገሩ ሳለ «ጌታዬ» የሚባል፣ እዚህ ግን በድንኳን ቁጥሩ የሚጠራ ስንት ሰው እናውቃለን? መምህሩ እንጨት ለቃሚ፣ ሻለቃው የሱቅ ዘበኛ፣ ነርሷ እንጀራ ጋጋሪ ሆነዋል። ማንንም ለመንካት አይደለም፤ ከእኛም ውስጥ አንዱ አገሩ ሳለ የወረዳ ጸሐፊ ነበረ።

ክሪኬት አሜሪካ ውስጥ ብዙ አልቆየችም፤ ለ1971 ገብታ በ1973 ሽያጯ ቆመ። እናቷ አቬንጀር ግን ኑሮዋን ቀጠለች። በ1976 እንግሊዝ አገር ክራይስለር ተባለች፤ ክራይስለር የአውሮፓ ፋብሪካዎቹን በ1978 ለፈረንሳዩ ፔጆ ከሸጠ በኋላ ደግሞ ታልቦት ተባለች። አርጀንቲና ውስጥ ዶጅ ሆና ስትሠራ ቆይታ፣ ፋብሪካውን ቮልስዋገን ሲገዛው በ1980ዎቹ ቮልስዋገን ሆነች። ሂልማን፣ ፕሊማውዝ፣ ክራይስለር፣ ታልቦት፣ ዶጅ፣ ቮልስዋገን፤ በጣታችን ስንቆጥር ስድስት ስም ለአንዲት መኪና! የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይና የጀርመን ጌቶች ተፈራረቁባት።

«ታዲያ ጋሼ» አልናቸው፣ «የቱ ነው እውነተኛ ስሟ?»

ጋሼ ተነሥተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ማርካ ለገዢ ነው፤ ለመካኒክ ቁጥር ነው ቋንቋው» አሉ። «ሞተር ላይ የተመታ ቁጥር አለ፤ ሻንሲ ላይ የተመታ ቁጥር አለ። አሜሪካ ውስጥ የአንዷ ክሪኬት ቴስታታ ጋስኬት ተቃጠለ እንበል። ባለቤቱ የፕሊማውዝ ዕቃ መደብር ሄዶ የሌላውን ፕሊማውዝ ጋስኬት ቢገዛ ይገጥምለታል? አይገጥምም። አቬንጀር ብሎ መፈለግ አለበት። የደላው ጊዜ በማርካ ይነዳል፤ የተሰበረ ጊዜ ግን በወላጅ ስም ነው የሚፈለገው።»

ከዚያም ከአጥሩ ላይ የቤድፎርዱን ማርካ አወረዱ። ቤድፎርድን የማያውቅ የለም። በዚያ ዘመን ወደ ሱዳን የተሰደዱ ታላላቆቻችን ጀርባውን ያውቁታል፤ የጀላባ ነጋዴዎችም ስኳርና ጨርቅ የጫኑበት የሱዳን ዋና የጭነት መኪና እርሱ ነበረ። ስሙ የእንግሊዝ ከተማ ስም ነው፤ ባለቤቱ ግን የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ነበረ። ጄኔራል ሞተርስ ቮክስሆል የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ በ1925 ገዛ፤ የራሱን ሼቭሮሌ የጭነት መኪናም እዚያው እንግሊዝ አገር ይገጣጥም ነበር። በ1931 ሼቭሮሌ የሚለው ቀርቶ በቤድፎርድ ስም ወጣ። እንግሊዙ አሜሪካዊ ሲባል፣ አሜሪካዊው እንግሊዝ ይባላል ማለት ነው። ሁሉም እንደ ገበያው!

«የእኛ አገርስ?» አለ ከመካከላችን አንዱ። «ሆላንድ ካር የሚባል ኩባንያ በ2000ዎቹ መጨረሻ የቻይናውን ሊፋን 520 ‹አባይ› ብሎ ይሸጥ አልነበረም? እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወንዛችን አራት ጎማ አውጥቶ!» ኩባንያው ዛሬ የለም፤ ወንዙ ግን እንደሚፈስ ተስማማን።

ጋሼ ቀጥለው ላዳን አነሡ። ሰማያዊና ነጩን የአዲስ አበባ ታክሲ ማለታችን ነው። ላዳ የጣሊያኑ ፊያት 124 ናት። ሶቪየቶች በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውለው፣ ቶሊያቲ በተባለው ከተማ ፋብሪካ አቁመው በ1970 ማውጣት ጀመሩ። ከተማው ራሱ የድሮ ስሙ ስታቭሮፖል ነበር፤ በ1964 ነው በጣሊያናዊው የኮሙኒስት መሪ በቶሊያቲ ስም የተጠራው። የጣሊያን መኪና፣ የጣሊያን ስም ባለው የሩሲያ ከተማ ተሠርታ፣ አዲስ አበባ ላይ «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለች ኖረች። ዙሮ ዙሮ ጣሊያንኛ!

«ላዳን ግን ከእነዚያ ጋር አትደምሩብኝ» አሉ ጋሼ። «ላዳ ማርካ ብቻ አይደለም የለወጠችው። የሩሲያ መንገድ ክፉ ነው፤ ብረቷ ጠነከረ፤ ከመሬት ከፍ አለች፤ የኋላ ፍሬኗ ከዲስክ ወደ ታምቡር ተለወጠ፤ ሞተሯም ሌላ ሆነ። መንገዱ ሲከፋ ራስን ማጠንከር አለ። ያ ሌላ ነገር ነው።»

እስከዚህ ድረስ የመኪና ወግ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ከመኪናም አልፎ ሌላ ነው። የሚመለከተው ሰው እንድንጽፈው ፈቅዶልናል።

በዚያን ቀን ታናሻችን አልሳቀም። ሻዩንም አልጨረሰ። ወደ ካምፕ ተመልሰን ከተኛን በኋላ ሌሊት ላይ ሹክሹክታ ሰማን። በጨለማ ውስጥ አንድ የሴት ስም ደጋግሞ ይጠራል። መጀመሪያ ፍቅር ይዞት ነው ብለን ደስ አለን። ኋላ ግን «የእናቴ ስም እገሊት ነው፤ የእናቴ ስም እገሊት ነው» ሲል ሰማነው። ወባ በያዘው ጊዜ ሁሉ በእንቅልፍ ልቡ የሚጠራትን እናቱን እኛ ስሟን እናውቃለን። ይህ ሌላ ስም ነው።

ፋኖሱን ለኮስን። ተነሥቶ ተቀመጠ። ነገሩን ነገረን።

በከተማው ውስጥ ወረቀት አዋቂ ነኝ የሚል አንድ ሰው አግኝቶታል። አንድ ስም ተዘጋጅቷል። የስሙ ባለቤት ከብዙ ዓመት በፊት የተመዘገበ ነው፤ ኬዙ ተከፍቶ፣ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ተራው ደርሷል። ሰውዬው ግን ካምፑን ትቶ ከሄደ ቆይቷል፤ የት እንደ ገባ አይታወቅም። ታናሻችን ገንዘቡን ከከፈለ፣ የሚቀረው በኢንተርቪው ቀን በዚያ ስም ተጠርቶ «አቤት» ማለት ብቻ ነው። የእናት ስም፣ የአባት ስም፣ የተወለደበት ቀበሌ፣ የሞተ ወንድም ስም፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ተጽፎ ተሰጥቶታል። ያንን ነበር የሚያጠናው።

ውድ አንባብያን፤ በዚህ ጊዜ «በአንድ ድምፅ ተቃወምነው» ብንላችሁ ውሸታሞች እንሆናለን። አንዱ ከእኛ፣

«ማርካ መለወጥ ነው፤ ምን አለበት? ሜትሮፖሊታንስ በርሚንግሃም ተወልዳ በናሽ ስም አሜሪካ ገብታ የለም? ማን ወቀሳት?» አለ።

ሌላው፣ «መኪና እናት የላትም» አለ።

ሦስተኛው ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እዚህ ከመሻገት ይሻለዋል፤ ይሂድ» አለ። ከዚያ ፋኖሱን አጠፋን፤ ነገር ግን ማንም አልተኛም። እያንዳንዳችን በጨለማው ውስጥ «ይህ ስም ለእኔ ቢቀርብልኝስ?» እያልን ነበር። መልሱን እዚህ አንጽፈውም።

በሚቀጥለው ጉዟችን ታናሻችንን ይዘን ጋሼ ዘንድ ሄድን። ለምን ወደ መካኒክ እንደ ወሰድነው አንጠየቅ፤ ሽማግሌ ነበር የምንፈልገው፣ ያለን ሽማግሌ እርሳቸው ናቸው። ጋሼ ሁሉንም ሰምተው ቶሎ አልመለሱም። አንዲት የፍሬን ሸራ አገላብጠው አዩ።

«ልጄ» አሉት በመጨረሻ፣ «ልትሄድ መፈለግህ ነውር የለበትም። እኔም ብችል እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ኦስቲንና ናሽ ተፈራርመው ነው ያንን ያደረጉት። ሻጩም ሠሪውም ያውቅ ነበር። አንተ ከማን ጋር ተፈራረምህ? ስሙን ከምትወስድበት ሰው ጋር? ነገ ተመልሶ ‹ተራዬ ደረሰ ወይ?› ቢል ‹አንተማ ሄደሃል› ነው የሚሉት። በእግሩ ቆሞ!»

ታናሻችን መሬት መሬቱን ያያል።

«ሁለተኛ» አሉ ጋሼ፣ «እዚያ ሄደህ በደላህ ቀን ምንም አይደለም። ደግሞ ስትሰበርስ? ብትታመም፣ ብትታሰር፣ ክፉ አያድርስብህና ብትሞት፣ እኛ ማን ብለን እንፈልግሃለን? ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ፣ የምናውቀው ሌላ። መርዶው ለማን እናት ይነገራል? ለዚያችኛዋ ሲነገር ልጇ ሳይሞት ታለቅሳለች። ያንተዋ ደግሞ ልጇ ሞቶ ደብዳቤ ትጠብቃለች።»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም። ሻይ አስቀዱልን። አንድ ቦቴ መጥቶ ስለ ነበር ሄደው ሥሩ ተኙ።

ስንመለስ በጭነት መኪናው ላይ ታናሻችን ምንም አላለም። ከሦስት ቀን በኋላ ጠዋት ስንነሣ ምኝታው ባዶ ነበር። ልባችን ተሰበረ፤ ሄደ አልን። ከሰዓት በኋላ ግን አቧራ ለብሶ መጣ። ለካስ ሌሊት ወጥቶ የምዝገባ ወረፋ ይዞ ኖሯል። ታስታውሱ እንደሆነ፣ ሲመዘገብ በካርዱ ላይ የአባቱ ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ ሌላ ስም ሆኖ ነበር። ወረፋው ረዥም ነው፤ ፀሐዩ ክፉ ነው እያለ ትቶት ቆይቷል። በዚያን ቀን ተራ ሳይደርሰው ቀረ። በማግሥቱ ደግሞ ሄደ፤ ደረሰው። አንድ ፊደል ተፋቀ፣ አንድ ፊደል ተጻፈ። አዲሱን ካርድ ለእያንዳንዳችን አሳየን፤ እኛም እንደ ትልቅ ሰነድ እየተቀባበልን አነበብነው። የአባቱ ስም ነው። ትክክል ነው።

ኬዙ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። እኛም ይከፈታል ብለን አንዋሽለትም። የሚስቁበት አሉ፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሉታል። እርሱም ይስቃል። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ጋሼ ዘንድ እየሄደ ሙያ ይማራል። ዓይኑን ጨፍኖ የሞተር ድምፅ ያዳምጣል፤ አይሱዙን ከመርሴዲስ ለይቷል፤ ሌላውን ገና ያምታታል።

ያ ስም ግን ባዶውን አልቀረም። ሌላ ሰው ወሰደው። ከዚሁ ካምፕ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኛም አብረነው ካርታ ተጫውተናል። ክፉ ሰው አይደለም። ቸግሮት ነው። መሄዱን ስንሰማ ደኅና ያግባው ብለናል፤ አሁንም እንላለን። ባለፈው ሰሞን ከዚያው አገር የመጣ እንግዳ ከተማ ውስጥ አግኝተን፣ ደኅና ገብቶ እንደ ሆነ ልንጠይቅለት ፈለግን። አፋችንን ከፈትን፤ ከዚያ መልሰን ዘጋን። በድሮ ስሙ እዚያ የሚያውቀው የለም፤ በአዲሱ ስሙ ብንጠይቅ ደግሞ ጉዱን ማውጣታችን ነው። ስለዚህ ስለ ዝናቡ ጠይቀን ተለያየን።

በሉ እንግዲህ፤ ይህን ቅጠል ስትጨርሱ ለቀጣዩ ቤት አስተላልፉ። ከውሃና ከድስት ጠብቁት። ያነበበ ሰው እንደ ተለመደው ከጀርባው ስሙን ይጻፍ።